መመለሻው ይረዝማል

አባቴ ትራንዚት የሚባል አገር የሄደ ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አገሩን ያገኘሁት ከአክስቴ አፍ ነው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ማሽኗ መስኮቱ ሥር ነው፤ እኔ ደግሞ ከማሽኑ ሥር። ከዚያ ሆኜ የወደቀ ቁልፍና የክር ቁራጭ እለቅማለሁ። የሚታየኝ የእናቴ እግር ብቻ ነው፤ ሲረግጥ ማሽኑ ይሮጣል፣ ሲያስብ ማሽኑ ይቆማል። አክስቴ ከሥራ መልስ ትመጣና አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ ብላ ጫማዋን አሽቀንጥራ ትጥላለች። አንዱ ጫማ ሁልጊዜ እኔ ጋ ይደርሳል።

«ለመሆኑ አሁን የት ነው ያለው ሰውዬሽ?» አለች አንድ ቀን።

«እኔ ምን አውቄ።»

«እዚህ የለ፣ እዚያም ደህና አልገባ። ስሚኝ ልንገርሽ፤ ባልሽ ትራንዚት ላይ ነው ያለው።»

የእናቴ እግር ቆመ። ቆየና እንደገና ረገጠ።

እኔ ግን እፎይ አልኩ። አባቴ ሻንጣውን ይዞ ከወጣ ጀምሮ የት እንደሄደ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ በየቀኑ የተለየ ቦታ ስልከው ከርሜ ነበር። አሁን የታወቀ አድራሻ ተገኘ። ከማሽኑ ሥር ብቅ አልኩና፣

«እማ፣ ትራንዚት በአውሮፕላን ነው የሚኬደው?» አልኳት።

እናቴ ከንፈሯ መሃል አራት አምስት ስፒል ነክሳለች። ስፒል የነከሰ ሰው ቋንቋው አንድ ነው።

«እ» አለች።

«ሩቅ ነው?»

«እ።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ሁለት ሰዓት» አለች።

አክስቴ ልትስቅ ይሁን ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ እናቴ አየቻት፣ ዘጋችው።

ውሸቱን የቆረቆርኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። እናቴ ያደረገችው አለማፍረስ ብቻ ነው። ለማፍረስም ጉልበት ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ያኔ ጉልበቷ ሁሉ እግሯ ላይ ነበር፤ ስተኛ ማሽኑ ይሄዳል፣ ስነቃም ማሽኑ ይሄዳል። ሁለት ሰዓቱን ከየት እንዳመጣችው ግን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። አንድ ቀን ልብስ አድርሼ ልምጣ ብላ ወጥታ፣ አባቴ እኛን ትቶ የሄደላት ሴት ፀጉር ቤት እስከከፈተችበት ሰፈር ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ከማዶ ቆማ በሩን አይታ፣ በእግሯ ተመልሳለች። አንድ ሰዓት መሄጃ፣ አንድ ሰዓት መመለሻ። በአየር ቢሆን ቁራ ሳይደክመው ደርሶ የሚመጣበት መንገድ ነው።

ትራንዚትን ትምህርት ቤት ውስጥ ያቀናሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አንድ አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ ነበረው። ኋላ ሱቆች ከፈትኩለት። ሌሊትና ቀን ስለማይለይ ሰው ቁርሱን ደጋግሞ እንደሚበላ፣ አልጋ በሕግ የተከለከለ መሆኑን፣ ዝናብም ቢሆን ተራውን ጠብቆ እንደሚዘንብ አወጅኩ። አባቴ ፍሪጅ ጠጋኝ ስለሆነ የትራንዚት ንጉሥ ፍሪጅ ተበላሽቶበት ነው ያስጠራው። ፍሪጁ ከትምህርት ቤታችን ይበልጣል። አምፖሉን ለመቀየር አባቴ በፈረስ ነው የሚገባው።

አመነኝም አላመነኝም ሁሉም አፉን ከፍቶ ይሰማል፤ ከአንድ ልጅ በቀር። ካርታው እንለዋለን። አባቱ ግድግዳ የሚያክል የዓለም ካርታ ከገዛለት ወዲህ ዓለምንም አብሮ የገዛት ይመስለዋል።

«ትራንዚት የሚባል አገር የለም» አለኝ በሰው ፊት። «ትናንት ስፈልግ አመሸሁ።»

«ባሕሩንስ ፈልገሃል?»

«ባሕሩንም።»

«ካርታህ የመቼ ነው?»

«ያምና።»

«በቃ፣ ይሄ የዘንድሮ ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ቤት እስክገባ ራሴን ስጠይቅ ሄድኩ። ካርታ ላይ የሌለ አገር የሄደ ሰው በየት በኩል ይመለሳል? እኔ ደግሞ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ ቤት እንዲመጣ፣ እናቴም ማሽኑን አቁማ እንድትተኛ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ትኬት መቁረጫው ቢሮ ገባሁ። የመስታወት በር አለው፤ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ባሕርና ጥርሳቸውን የሚያሳዩ ሰዎች ተለጥፈዋል። ትኬት ቆራጯ አንገቷ ላይ ሻሽ አስራለች። ጠረጴዛዋ ላይ የፕላስቲክ አውሮፕላን ቆሟል፤ አንድ ክንፉ በቁስል ፕላስተር ተጠግኗል።

«እትዬ፣ ከትራንዚት እዚህ ድረስ ስንት ሰዓት ነው?»

«ከየት?»

«ከትራንዚት።»

«ትራንዚትማ የትም አለ። የት ያለው?»

«አባቴ ያለበት።»

የያዘችውን ስልክ ከጆሮዋ አወረደች። «መቼ ነው የሄደው?»

«ክረምት ሳይገባ።»

በመስታወቱ በኩል ወደ ውጭ አየች። ክረምቱ ወጥቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ይነሳል። ስልኩን ዘጋችው።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። «ስሚ የኔ ቆንጆ፣ ትራንዚት አገር አይደለም። ወንበር ነው። ከአንዱ አውሮፕላን ወርደሽ ሌላው እስኪመጣ የምትቀመጪበት ወንበር።»

«ሌላው ካልመጣስ?»

«ይመጣል።»

«ካልመጣስ?»

«እንግዲህ ያኔ ወይ ወደተነሱበት መመለስ ነው፣ ወይ ደግሞ…» አለችና የአውሮፕላኑን ፕላስተር በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገች።

«መሄጃው ሁለት ሰዓት ነው። መመለሻውም ሁለት ሰዓት ነው አይደል?»

«መመለሻው ይረዝማል።»

«መንገዱ ያው አይደለም እንዴ?»

«መንገዱ ያው ነው። ነፋሱ ነው። ስትሄጂ ከኋላ የገፋሽ ነፋስ ስትመለሺ ፊት ለፊት ይመጣብሻል። ርቀቱ ሳይጨምር ሰዓቱ ይጨምራል።»

አሁን ራሴ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የምሠራው። መራመድ ያቃታቸውን መንገደኞች በተሽከርካሪ ወንበር እገፋለሁ፤ ከአንዱ በር ወደ ሌላው፣ ማታ እግሬ እንደ ዳቦ ተነፍቶ እስክገባ። ስለ ትራንዚት ከዚያች ሴት የተሻለ ያስረዳኝ ሰው እስካሁን የለም። ያኔ ግን የያዝኩት ነፋሱን ብቻ ነበር። አባቴ ሻንጣውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ነፋስ እየገፋ ሲመጣ ታየኝ። እንዲያ ከሆነ ማርፈዱ አይገርምም።

ልወጣ ስል፣ «ምናልባት እንቅልፍ ወስዶት ይሆን?» አልኳት።

«እሱም አለ» አለች፤ በር ላይ የቆመውን ዘበኛ እያየች። «ወንበሩ ላይ እንቅልፍ የሚጥለው አለ። ለዚህ ነው በስሙ የሚጠራው። የመጨረሻ ጥሪ ይባላል።»

«እንዴት ተብሎ?»

የስልኩን እጀታ አፏ ላይ አድርጋ፣ አፍንጫዋን ትንሽ ዘግታ፣ እንደ ማር የሚንጠባጠብ ድምፅ አወጣች። ዘበኛው በሳቅ ወንበሩን ሊጥል ደረሰ። እኔ ቃል በቃል ያዝኩት።

የሚደወልበትን ቁጥር አውቀው ነበር። አክስቴ አልፎ አልፎ ባለሱቁ ጋ ይዛኝ ትሄድና ስልክ ትደውላለች። «ሃሎ» ሲሏት ሦስት ቃል ትናገርና ትዘጋለች። ሦስቱም ከቤት ውጭ የሚነገሩ አይደሉም፤ ቤት ውስጥም አይነገሩም። ማን ጋ ነው የደወልሽው ስላት፣ «አየር መንገድ» ትለኛለች። «አባትሽን ስላስረፈዱት ነው የምሰድባቸው።» እኔ የምትሰድበውን እየሰማሁ ጣቷን ነበር የማየው።

ቅዳሜ ከሰዓት ባለሱቁን እናቴ ናት የላከችኝ ብዬ ደወልኩ።

«ሃሎ» አለች አንዲት ሴት። ከኋላዋ ሞተር ይጮኻል። አውሮፕላኑ ሊነሳ ነው ማለት ነው። የፀጉር ማድረቂያ ካስክ መሆኑን ያወቅኩት አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ አንዱ ሥር ተቀምጬ ነው፤ ድምፁን ስሰማ ተነስቼ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

አፍንጫዬን ያዝኩ። «ክቡራን መንገደኞች» አልኩ። የአባቴን ስም ከነአያቱ ጠራሁ። «ወደ ቤትዎ የሚሄደው አውሮፕላን ለመነሳት ተዘጋጅቷል። የበረራው ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው፤ ነፋስ ካለ ትንሽ ይጨምራል። ይህ የመጨረሻ ጥሪ ነው። ባለቤትዎና ልጅዎ እየጠበቁ ስለሆነ ሻንጣዎን ይዘው ይነሱ። እናመሰግናለን።»

ሞተሩ ጠፋ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለች ሴትዮዋ።

«የመንገደኛው።»

«ማን ነው ደውይ ያለሽ? እናትሽ ናት?»

«እማማ ሥራ ላይ ናት። አንቺ ሆስተሷ ነሽ?»

ባለሱቁ ሒሳቡን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ ያስታውሰኛል።

«ልጅ እንዳለው አልነገረኝም» አለች። ለእኔ አይመስልም የምትናገረው። ቀጥላ ግን ድምፅዋን አስተካክላ፣ «የኔ እናት፣ አባትሽ እዚህ የለም። ከወረደ ወር አልፎታል» አለችኝ።

«የት ነው የወረደው?»

«እኔ እንጃ። ሻንጣውን ይዞ ወጣ። እዚያው መጠገኛ ሱቁ ውስጥ ነው የሚያድረው ሲሉ ሰማሁ።» አፍንጫዋን ሳበች። «ለእናትሽ… ተይው፣ ምንም አትበያት።»

ምንም አትበያት የተባለ ነገር እኔ ዘንድ አድሮ አያውቅም። ሮጬ ቤት ገባሁ። እናቴ ስፒሎቿን ነክሳ የሰው ቀሚስ ታጥፋለች፤ አክስቴ አልጋው ላይ እግሯን ዘርግታለች።

«እማ፣ አየር መንገድ ደወልኩ። ሆስተሷ አባባ ከአውሮፕላኑ ከወረደ ወር አልፎታል አለች። ሱቁ ውስጥ ነው የሚያድረው።»

እናቴ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች መስኮቱ ላይ ደረደረቻቸው።

«ሌላስ ምን አለች?»

«ሌላ ምንም። ድምጿ ጥሩ ነው። ጉንፋን ግን ይዟታል።»

እናቴ አንገቷን ደፋች። አክስቴ ግን ከአልጋው ብድግ አለች፤ ፊቷ ላይ በዓል የዋለ ይመስላል።

«ጎሽ። አባረረችዋ። አላልኩሽም? በይ እንግዲህ ሄደሽ አምጪው።»

«ማንን?»

«ባልሽን ነዋ።»

«እስከ ትናንት ውሻ ስትይው አልነበር?»

«ውሻም ቢሆን ደጅ ይጠብቃል። ወንድ የሌለበት ቤት አጥር እንደሌለው ነው።»

«እሱ እያለስ አጥሩን ማን ነበር የሚያቆመው?» አለች እናቴ። ወዲያው ግን፣ «እስቲ ነገ ሄጄ ልየው» አለች።

እሁድ ጠዋት ተነስተን በአውቶቡስ ሄድን። እናቴ ደህና ቀሚሷን ለብሳ ነበር፤ እኔም ይህን አይቼ ነገሩ እንዳለቀ ቆጠርኩት። እንግዳ ለመቀበል የማይለበስ ቀሚስ መቼ ሊለበስ ነው?

የሱቁ ቆርቆሮ መዝጊያ እስከ ወገብ ብቻ ተነስቷል። እናቴ ጎንበስ ብላ ገባች፤ እኔ ቀጥ ብዬ ገባሁ። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል፤ በሁለቱም በኩል ነጫጭ ፍሪጆች ተደርድረዋል፤ ከፊሎቹ በር የላቸውም፤ ጥግ ላይ አንዱ ብቻ እየሠራ ያንጎራጉራል። የጋዝና የእርጥብ ጎማ ሽታ አለ። መሃል ላይ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተገጥመዋል፣ አንዱ ላይ ኮት ተጣጥፎ ትራስ ሆኗል። ሥሩ ሻንጣው አለ። ትኬት ቆራጯ አልዋሸችኝም። ትራንዚት ደረስን።

አባቴ የጥርስ ብሩሽ ይዞ ከጓዳ ወጣ። ጢሙ አድጓል። ሲያየን አፉ ውስጥ ያለውን ሳሙና የሚተፋበት አጥቶ ዋጠው።

«መጣችሁ?» አለ።

«ንጉሡስ?» አልኩት።

«የቱ ንጉሥ?»

«ፍሪጁ የተበላሸበት።»

እናቴን አየ፤ እኔን አየ። የአባቴ አንድ ጥሩ ነገር፣ ወሬ ከየትም ብትጀምሪለት ከመሃሉ ገብቶ ይቀጥልልሻል። «ኧረ ተዪኝ» አለ። «በረዶውን ልገምስ ገብቼ ሦስት ቀን ጠፋሁ። ቅቤው ጀርባ ነው ያገኙኝ።»

ስቄ ፍሪጆቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ማየት ጀመርኩ። አንዱ ውስጥ ሸሚዞቹ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። አንዱ ውስጥ ግማሽ ዳቦና ምላጭ። አንዱ ውስጥ ካልሲ። ከኋላዬ ያወራሉ፤ እኔ በር በከፈትኩ ቁጥር ግማሹ ይሰማኛል፣ በዘጋሁ ቁጥር ግማሹ ያመልጠኛል።

«ልትወስጂኝ ነው የመጣሽው?»

«ላይህ ነው።»

«ይኸው አየሽኝ።»

«አየሁህ።»

አንድ በር ዘጋሁ፤ ሌላ ከፈትኩ።

«…ስንት ወር ሙሉ ከሷ ጋር ስጣላ ነው የከረምኩት፣ በሐሳቤ። ማሽኑን እየረገጥኩ፣ ምን አላት እኔ የሌለኝ እያልኩ። ለካ እሷም ጋ የለህም። ከእንግዲህ ከማን ጋር ልጣላ?»

«ከኔ ጋር።»

«አንተ ጋርማ ማን አለ?»

አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በብሩሹ እጁን ይፈትጋል። «ነይ በይኝና ልምጣ» አለ። «አንድ ቃል በይኝ።»

እኔም የያዝኩትን በር ሳልዘጋው ጠበቅኩ። ያቺን ቃል ብትላት ሻንጣውን እኔ ራሴ ለመሸከም ቆርጬ ነበር።

እናቴ ኮቱን አነሳች። አራገፈችው፣ እንደ ሙያዋ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች፣ አጥፋ መልሳ አስቀመጠችው። «ብብቱ ተተርትሯል» አለች። «ፍራሽ እልክልሃለሁ። ወንበር ላይ አትተኛ፣ ወገብህን ያምሃል። ልጅቷ እሁድ እሁድ ትመጣለች። እኔ አልመጣም፤ አንተም እንዳትመጣ።»

እኔ የሰማሁት ፍራሹን ነው። ጓዙ እየተሰናዳ ነው ማለት ነው።

«አባባ፣ ታዲያ መቼ ነው የምትነሳው?»

«አየሩ ሲከፈት።»

«ለልጅ አትዋሽ» አለች እናቴ፣ በቀስታ። «ንገራት።»

አባቴ አየኝ። አፉን ከፈተ። ወሬ ጠፍቶት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊትም አላየሁ፣ በኋላም በየእሁዱ በሄድኩባቸው ዓመታት አላየሁም።

«ፍሪጁን ዝጊው» አለኝ። «ቅዝቃዜው ይወጣል።»

የማይሠራ ፍሪጅ ነበር። ዘጋሁት።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት በኩል ተቀመጥኩ፤ እናቴ ከጎኔ። ብዙ መንገድ ሄድን። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «አባትሽ ቤት አይመጣም» አለች። «እሷ አላስቀረችውም። አውሮፕላንም የለም። እኔ ነኝ አይምጣ ያልኩት። ማልቀስ ከፈለግሽ አልቅሺ።»

ማልቀስ ፈልጌ ነበር። ለቅሶውን አሰናድቼ፣ ከንፈሬን ጥዬ፣ ወደ እሷ ስዞር ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። እናቴ ተኝታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። እጆቿ ጭኗ ላይ ተበትነዋል፤ ምንም አልያዙም፤ እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ከትከሻዬ በላይ ከባድ ናት። ያን ጊዜ እኔ አንድ ፍሬ ልጅ ነኝ፤ ክንዴ ደነዘዘ፣ አንገቴ ወደ መስታወቱ ተጣመመ። ለቅሶዬን እንዳያንቀሳቅሳት ዋጥኩት።

የኛ ፌርማታ ደረሰ። ረዳቱ፣ «ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። እኔ ደግሞ በሰፈሩ ወራጅ አለ ብሎ በመጮህ የታወቅኩ ነኝ፤ ወራጅ ሳይኖር እንኳ ጮኼ ስንቱን ሹፌር አሰድቤያለሁ። ረዳቱ ያውቀኛልና ዞሮ አየኝ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። አውቶቡሱ ሄደ። የባለሱቁ በር አለፈ፣ ትምህርት ቤቱ አለፈ፣ የማላውቃቸው ቤቶች መጡ፣ ከዚያ ቤቶቹም አለቁ።

መጨረሻው ላይ ሞተሩ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ ወረደ። ዝምታው ነው መሰለኝ የቀሰቀሳት። ቀና አለች። ጉንጯ ላይ የሹራቤ ስፌት ታትሟል።

«ደረስን እንዴ?» አለች።

«አልፈናል።»

ሜዳውን፣ ባዶውን አውቶቡስ፣ እኔን አየች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

«እሰይ» አለች። «እስኪመለስ ድረስ እንቀመጣ።»

ጭንቅላቷን መልሳ ትከሻዬ ላይ ጣለች።